ሰርቨሩ ከጠረጴዛ ሥር ይቀመጥ ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ነጋዴዎች የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ አንድ ጽሑፍ ሲዞር ሰንብቷል። እኔም ጋ ከተለያየ ሰው ደጋግሞ ደረሰኝ። አንዳንዱ «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ነው የላከልኝ። አንዳንዱ ደግሞ «ይኸው፣ እኔ አላልኩም?» ብሎ። ጸሐፊው ስማቸውን አላኖሩበትም። አጻጻፋቸው ግን ኮምፒውተር ሥራ ላይ የቆዩ ሰው መሆናቸውን ያሳብቃል። እኔም እንጀራዬ ከዚሁ ሥራ ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። የነጋዴ ሒሳብ፣ የዕቃ ዝርዝርና የዱቤ መዝገብ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚደረስበት የኪራይ ማከማቻ) ላይ መቀመጥ የለበትም። ምክንያቱም ክላውድ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው፤ ንብረትን ለማያውቁት ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። ደግሞም እኛ ጋ ኢንተርኔት ይጠፋል፤ በጦርነቱ ጊዜም ከዚያ ወዲህም አይተነዋል። ኪራዩም በዶላር ነው፤ ሰርቨር (የቢሮውን ፋይል ሁሉ የሚይዘው ኮምፒውተር) ግን አንዴ ይገዛል፣ አለቀ። ምስጢር አይጠበቅም። ትልልቆቹ የክላውድ ድርጅቶች ራሳቸው ሲወድቁ አይተናል። አንድ የሚያውቁት ሰው ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ጉግል ድራይቭ (የጉግል ክላውድ ማከማቻ) ላይ አስቀምጦ ሒሳቡ እንደተበላሸበትም ጠቅሰዋል። በመጨረሻም የደሴ ብርድ ለሰርቨር ከኤሲ ይበልጣል ሲሉ ቀልድ ቢጤ ጣል አድርገዋል። ስለዚህ ሰርቨር ገዝታችሁ ቢሮ ውስጥ አስቀምጡ፣ ቁልፉን ያዙ፣ ተኙ ነው ምክራቸው።

ከቀልዱ ልጀምር። እሱ ላይ ብዙም አንጣላም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የጠዋት አየር ለማሽን ጥሩ ነው። የሐረጎን ዳገት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ግን ነገሩ ይቀየራል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ዝግ የሆነ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰርቨር ከሰዓት በኋላ ድምፁ በረንዳ ድረስ ይሰማል። ፋኑ ይጮኻል። ከፍታችሁ ስታዩት አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮበታል። ለማንኛውም ብርዱን ለደሴ መዝግቡላት።

«የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው» የሚለውም ትክክል ነው። ክላውድ ሰማይ ላይ የለም። አንድ ሕንፃ ውስጥ መደርደሪያ ላይ የተደረደረ ማሽን ነው፤ ባለቤቱም ሌላ ነው። ግን ቢሆንስ? እህላችንን የምናስፈጨውም ሰው ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮው የኔ አይደለም ብሎ ጥሬውን የሚቆረጥም የለም። ዱቄቱ የኔ ነው ወይ፣ ስፈልገው ይዤው እወጣለሁ ወይ፣ ብሎ መጠየቅ ነው የሚያዋጣው።

ደግሞ ይህን ሁሉ ያሰራጩት በቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ራሱ ክላውድ ነው። ከምስጢራዊው ቻት በስተቀር የምንላላከው ሁሉ የሚቀመጠው በድርጅቱ ሰርቨሮች ላይ ነው። ስልካችን ሲሰረቅ በሌላ ስልክ ገብተን የድሮውን መልእክት እንዳለ የምናገኘው ለዚህ ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ ስንት ነጋዴ ነው የባንክ ደረሰኙን ፎቶ እያነሳ ለራሱ በቴሌግራም የሚልከው? ክላውድ ውስጥ ከገባን ቆየን እኮ። ሳናስብበት ስለገባን ብቻ ነው ያልታወቀን።

እንዲያውም እዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው መፈራት ያለበትን ትተው ሌላውን ፈሩ። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የማውቀው የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ አለ። የድርጅቱ ኢሜይልም ፋይልም በነፃ ጂሜይል ላይ ነው። አካውንቱን የከፈተችው የመጀመሪያዋ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ በራሷ ስልክ ቁጥር። ልጅቷ አግብታ ወደ አዋሳ ሄደች። ስትሄድ ፓስወርዱን በወረቀት ጽፋ ለተተኪዋ ሰጥታለች፤ አላጠፋችም። አዲስ ኮምፒውተር ተገዝቶ ሊገባ ሲሞከር ግን ጉግል ኮድ ጠየቀ። ኮዱ የሚላከው እሷ ስልክ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ሲም ቀይራለች። ሰውዬው «የገዛ ኢሜይሌ እንዴት አላውቅህም ይለኛል?» እያለ ሲብከነከን አይቼዋለሁ።

ስለ ክላውድ ነጋዴን ማስፈራራት ከተፈለገ በዚህ ማስፈራራት ነው። አካውንቱ በማን ስም ተከፈተ? ኮዱ በማን ስልክ ይመጣል? ባለቤቱ ቢታመም ሌላ ማን መግባት ይችላል? ይህን ለማስተካከል ሰርቨር መግዛት አያስፈልግም። አካውንቱን በባለቤቱ ስልክ ማድረግ፣ ሁለተኛ ሰው መጨመር፣ ጉግል የሚሰጠውን የመጠባበቂያ ኮድ አትሞ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ካዝና ውስጥ ማኖር ነው። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ኢንተርኔቱ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያሉት ሐቅ ነው፤ እዚህ የኖረ ሰው ምስክር አያስፈልገውም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ግንኙነት ተቋረጠ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ሽያጩን ሙሉ በሙሉ ኢንተርኔት ላይ የሰቀለ ሱቅ በዚያ ሰሞን ምን ይውጠው ነበር? ባንክ ሄደን «ሲስተም የለም» ስንባል የሚሰማንን ንዴት ደንበኛው በእኛ በር ላይ ይቀምሰው ነበር። ስለዚህ ደረሰኝ የሚቆረጥበትና ዕቃ የሚወጣበት ሥራ ኔትወርክ ሲሄድ አብሮ መሄድ የለበትም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ኢንተርኔት ከሌለ አንድ ዕቃ እንኳ መሸጥ የማይችል ፕሮግራም ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ሻይ አጠጡትና ሸኙት።

ከዚህ ተነስተው የደረሱበት መደምደሚያ ግን አይያያዝም። ሁለት ጉዳዮችን አንድ አድርገዋቸዋል። ሥራው የሚሠራበት ማሽን የት ይሁን የሚለው አንድ ነገር ነው። ቅጂው የት ይቀመጥ የሚለው ሌላ። ለመጀመሪያው መልሳቸው ልክ ነው፤ ቅርብ ይሁን። ለሁለተኛው መልስ አልሰጡም። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ብታነቡት ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) የሚል ቃል የለበትም።

ጦርነቱን በምሳሌነት ካነሱት አይቀር እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ያኔ የጠፋው ኢንተርኔት ብቻ ነበር ወይ? ሰው ቤቱን ቆልፎ፣ ልጆቹን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ሱቁም፣ ቢሮውም፣ ፋብሪካውም ተዘርፎ ጠበቀው። የደሴ ሆስፒታልና ወሎ ዩኒቨርሲቲ እንኳ አልተረፉም። ኮምፒውተር ደግሞ ለዘራፊ የሚመች ዕቃ ነው፤ በአንድ እጅ ይነሳል። ጸሐፊው «ቁልፉን ያዙ» ይላሉ። ቁልፉ ኪሳችን ውስጥ ነበር እኮ!

ፒያሳ አካባቢ ሸቀጣ ሸቀጥ የሚያከፋፍሉ አንድ ሐጂ አሉ። በታኅሣሥ ተመልሰው በሩን ሲከፍቱ መጋዘኑ ባዶ ነበር። የዕቃው ጉዳት ይታያል፤ ቆጥረህ፣ አልቅሰህ፣ ትነሳለህ። የዱቤው ግን ሌላ ነው። ሐይቅ ያለው ማን ስንት አለበት፣ ባቲ ያለው ስንት ከፍሎ ስንት ቀረው፣ ይህን የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ የለም። ጠረጴዛው ላይ የቀረው የተቆረጠ ገመድና ማውዝ ነው። ልጃቸው የባንክ ስቴትመንት አስወጣ። የስልኩን የድሮ መልእክት በረበረ። ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ደንበኛ እየደወለ «ጋሼ፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን፤ ይቅርታ ያርጉልኝና ያለብዎትን ቢነግሩኝ?» ሲል ከረመ። አስቡት። አበዳሪው ተበዳሪውን ስንት አለብህ ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ሐቀኛ ነበር፤ ቆጥሮ ነገረው። አንዳንዱ ስልክ አላነሳም። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ተዘርፎ ስለነበር ቢያምንም የሚከፍለው አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን እዚያው ደሴ ሌላ የመኪና መለዋወጫ ቤት ነበር። እዚያም ኮምፒውተሩ ተወስዷል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ማታ ማታ ከመውጣቷ በፊት ባክአፑን ወደ ጉግል ድራይቭ የመላክ ልማድ ነበራት። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተጠግታ ሳለ በሰው ላፕቶፕ ገብታ ከፈተችው። የመጨረሻው ሥራ ቀን ሒሳብ እንዳለ ነው። የተሰብሳቢ ዝርዝሩን፣ ማለትም ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት፣ አተመችና ለባለቤቱ ሰጠችው። ኢንተርኔት የጠፋው ደሴ እንጂ አዲስ አበባ አልነበረም። ጸሐፊው «ያኔ ክላውድ ቢኖራችሁ ምን ይጠቅማችሁ ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። ይኸው፣ ይህን ይጠቅማል።

ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ መውጣትም ይቻላል ይሉኝ ይሆናል። ያደረገ አለ፤ ብልህ ነው። ግን በዚያ ቀን መኪና ፍለጋ ላይ ያለ ሰው ካቻቪቴ ይዞ ኮምፒውተር ሲፈታ አይታየኝም።

ቅጂውን ዘመድ ቤት ማስቀመጥስ? ይህ ከምንም ይሻላል። ኮምቦልቻ ያለው ደሴ ላለ ወንድሙ፣ ደሴ ያለው ኮምቦልቻ ላለች እህቱ ሃርድ ዲስክ ሲያስቀምጥ አይቻለሁ። ሁለቱ ከተሞች ሲራራቁ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ለእሳት፣ ለጎርፍ፣ ለሌባ ይበቃል። በ2014 ግን ሁለቱም በቀናት ልዩነት ውስጥ ነው የተያዙት። እንግዲህ «ሩቅ» ሲባል ሐረጎን መውጣት ብቻ አይበቃም ማለት ነው። ይህ የእኛ ጣጣ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የሚባለው ትልቅ የክላውድ ድርጅት ዳታ ማዕከል፣ ማለትም ሰርቨሮቹ የተደረደሩበት ግቢ፣ ተቃጠለ። አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ አጠገቡ ያለውም በከፊል ተጎዳ። ቅጂያቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ዳታቸው እንደወጣ ቀረ። ሌላ ከተማ ቅጂ የነበራቸው በሌላ ማሽን ቀጠሉ። ይህን ምሳሌ ጸሐፊው ለእሳቸው ክርክር ቢጠቀሙበት አይደንቀኝም። ልክ ነው፣ ክላውድም ይቃጠላል። የተቃጠለባቸው ሰዎች ስህተት ግን የጽሑፉ ምክር ራሱ ነው፤ ሁሉን ነገር አንድ ግቢ ውስጥ ማኖር።

ኔትወርክ ለሳምንታት ሲዘጋስ? ያኔ ወደ ድሮው እንመለሳለን። ቅጂውን በፓስወርድ ቆልፎ ፍላሽ ላይ ማድረግና አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው መስጠት። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እዚያ ካለ ኮምፒውተር ይጫናል። ያምራል አልልም፤ ይሠራል። ኔትወርክ ሲመለስ ደግሞ ጥሩ የባክአፕ ፕሮግራም ሁሉንም እንደገና አይልክም፤ የተለወጠውን ብቻ ለይቶ ይልካል። ስለዚህ ሌሊት ላይ ደካማ መስመር እንኳ ይበቃዋል።

የፒችትሪው ታሪክ። ሰውየው ሒሳቡ ተበላሸበት የተባለው እውነት እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ እኔም አይቻለሁ። ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ፒችትሪ ከነገ ዛሬ ይቀየራል እያልን ዛሬም አለን። አምራቹ ስሙን ሴጅ 50 ካለው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ ፕሮግራም ሒሳቡን የሚያስቀምጠው በብዙ ፋይሎች ነው፤ በሥራ ላይ ሳለ ሁሉንም ከፍቶ ይይዛቸዋል። ፎልደሩን እንዳለ ድራይቭ ውስጥ ስታስቀምጡት ድራይቭ አንዱን ፋይል አሁን፣ ሌላውን ቆይቶ ይወስዳል። እርስ በርስ አይገጥሙም። ሁለት ሰው በሁለት ኮምፒውተር ከከፈተው ደግሞ ጨርሶ ይደበላለቃል። ትክክለኛው መንገድ ማታ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ ከራሱ ከፒችትሪ ባክአፕ የሚለውን መጫን ነው። አንድ «ፒቲቢ» የሚባል ፋይል ይሰጣችኋል። ወደ ላይ የሚላከው እሱ ነው። ዋናው ፎልደር ካለበት አይነቃነቅም። ጸሐፊው የሥራው ሰው ስለሆኑ ይህን ያውቁታል ብዬ አስባለሁ፤ ለምን እንደዘለሉት ግን አልገባኝም።

ወደ ገንዘቡ ልሂድ። የዶላር ኪራይ ያማል፤ እዚህ ላይ ማንም ጸሐፊውን አይከራከርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በዶላር የሚከፍል ሰው ምንም ሳይጨምር ወጪው እጥፍ ሊሆን ደረሰ። በዚያ ላይ የሚከፍልበት ካርድ ማግኘትም አንድ ሥራ ነው። ካርዱ አልሠራ ያለ ቀን አገልግሎቱ ይቋረጣል።

ግን ሰርቨሩስ በምን ተገዛ? እሱም ከውጭ ነው የሚመጣው። ዋጋው ከዶላሩ ጋር አብሮ ወጣ። «አንዴ ይገዛል፣ አለቀ» የሚለው ሒሳብ ደግሞ ግማሹን ይተዋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው የባትሪ ሣጥን) ይፈልጋል። የዩፒኤስ ባትሪ በእኛ መብራት ሁኔታ ቶሎ ይደክማል፤ ከደከመ በኋላ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሃርድ ዲስክ ያረጃል። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ፓወር ሰፕላይ ይቃጠላል፤ መለዋወጫው ደሴ ላይ ካልተገኘ አዲስ አበባ ተልኮ ይጠበቃል። የጠጋኙ አበልም አለ። ይህን ሁሉ ደምሮ ከኪራይ ጋር ያስተያየ ሰው «ሰርቨር ይሻላል» ቢለኝ እቀበላለሁ፤ የሚሻልበት ጊዜ በእርግጥ አለ። የሰርቨሩን ዋጋ ብቻ ይዞ የሚከራከርን ግን አልቀበልም።

ጸሐፊው ሰርቲሰቨን ሲግናልስ የሚባለውን የአሜሪካ ድርጅት አንስተዋል። ጥሩ ምሳሌ ነው፣ እውነትም ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ለክላውድ 3.2 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ በቃኝ አለ። ወደ 600 ሺህ ዶላር የሚያወጡ ሰርቨሮች ገዝቶ ወጣ። ሥራው ትልቅና በየቀኑ ተመሳሳይ ለሆነ ድርጅት የራስ ማሽን ሊረክስ እንደሚችል ያሳያል። ይሁን። ሰርቨሮቹን ግን ቢሮው ውስጥ አላስቀመጣቸውም። ጄኔሬተሩ፣ ማቀዝቀዣውና ጥበቃው የተሟላለት የኪራይ ዳታ ማዕከል ውስጥ ነው ያስገባቸው፤ ያውም ሁለት ቦታ። ከክላውድ ወጣ ማለት ከጠረጴዛ ሥር ገባ ማለት አይደለም።

ደግሞ ኪራይ ሁሉ በዶላር አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት በብር ይሸጣል። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም እንደ ዊንጉ፣ ራክሲዮና ሬድፎክስ ያሉ የዳታ ማዕከል ድርጅቶች አሉ። ለትንሹ ነጋዴ ደግሞ ይህም ላያስፈልገው ይችላል። የአንድ መካከለኛ ሱቅ የፒችትሪ ባክአፕ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜጋባይት አይበልጥም፤ የጉግል ነፃ ቦታ 15 ጊጋባይት ነው። የሰኞውን፣ የማክሰኞውን፣ ያለፈውን ወር እያስቀመጡ መቆየት ይቻላል።

ምስጢር ላይ አጠር ላድርገው። ቢሮ ያለ ኮምፒውተር የተጠበቀ ነው የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ አላውቅም። በየቢሮው ያለው ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ክራክ (ያልተከፈለበት ቅጂ) ነው፤ ክራኩ እንዳይበላሽ ተብሎ አፕዴቱ ተዘግቷል። አንዱ ፍላሽ ከጽሕፈት ቤት ወደ ማተሚያ ቤት፣ ከማተሚያ ቤት ወደ ሒሳብ ክፍል ይዞራል። እ.ኤ.አ. ሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያተራምስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ያንበረከከው ባልታደሰ ዊንዶውስ በር ገብቶ ነው። ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ ያልጫኑት ተያዙ። የተያዙት ደግሞ የራሳቸው ኮምፒውተሮች ናቸው። እንዲህ ያለ ቫይረስ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ የቀረውን የባክአፕ ሃርድ ዲስክም አብሮ ይቆልፈዋል።

ክላውድስ አይሰረቅም ወይ? ይሰረቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 ካፒታል ዋን የሚባለው የአሜሪካ ባንክ አማዞን ክላውድ ላይ ያስቀመጠው የመቶ ሚሊዮን ገደማ አሜሪካውያን መረጃ ተወስዷል፤ በተሳሳተ የፋየርዎል (ያልተፈቀደለትን የሚያግድ አጥር) አሠራር ምክንያት። አከራዩ ሕንፃውን ይጠብቃል እንጂ የእናንተን በር አይዘጋላችሁም። የእናንተ ድርሻ ቀላል ናት። ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ክፈቱ፣ ፋይሉንም ከመላካችሁ በፊት ሰቨን ዚፕ በሚባለው ፕሮግራም በፓስወርድ ቆልፉት። የተቆለፈውን ፋይል ጉግል ቢያየው ምን ያየዋል?

አንድ ቦታ ላይ ግን ጸሐፊው ከገመቱት በላይ ትክክል ናቸው። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ብድርና ቁጠባ ያላችሁ ሰዎች የያዛችሁት የራሳችሁን ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የሰው ገመና ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰዎችን የግል መረጃ ከአገር ውጭ ለማስተላለፍ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። የታካሚ ካርድ ፎቶ አንስቶ የትም መላክ አይቻልም። ለእናንተ አገር ውስጥ ያለ ማዕከል ይሻላል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

የትልልቆቹ መውደቅ የቀረን ነጥብ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2025 የአማዞን ክላውድ ቨርጂኒያ ላይ ታውኮ የዓለም ግማሽ የቆመ እስኪመስል ድረስ ስንቱ አፕ ጠፍቶ ዋለ። ጸሐፊው ይህን በደስታ ነው የጠቀሱት። ለሰዓታት ቆመ፤ ከዚያ ተመለሰ። ያቺን ቀን የሚመስል ቀን ቢሮው ውስጥ ሰርቨር ያለው ሰው አያጋጥመውም ወይ? ያጋጥመዋል፣ ዜና ስለማይሆን ነው።

ከዚህ የባሰ ምሳሌ ነበራቸው፤ አላነሱትም እንጂ። እ.ኤ.አ. ሜይ 2024 ጉግል በራሱ ስህተት የአንድ የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድን የክላውድ ሥርዓት ሰረዘው። ዩኒሱፐር ይባላል፤ ከ600 ሺህ በላይ አባላት አሉት። ሁለቱ ድርጅቶች በጋራ ባወጡት መግለጫ መሠረት ሁለት ቦታ የነበረው ቅጂ ሁለቱም ጉግል ውስጥ ስለነበር አብሮ ጠፋ። እንዲያገግሙ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ሌላ ድርጅት ዘንድ ያስቀመጡት ባክአፕ ነው። እንግዲህ «ክላውድ አለኝ» ብሎ የሚተኛውም «ሰርቨር አለኝ» ብሎ የሚተኛውም አልጋቸው አንድ ነው። ለዚህ ነው የድሮ ሰዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ የሚሉት። ለደሴ ሱቅ ሲተረጎም አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ተነቅሎ መሳቢያ በሚገባ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ደግሞ ክላውድ ላይ ማለት ነው።

ባክአፕ አለኝ የሚለውም ቢሆን ከፍቶ ካላየው የለውም። ጊትላብ የሚባለው የፕሮግራመሮች ድርጅት በጃንዋሪ 2017 አንድ ሠራተኛው ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት አጠፋ። አምስት ዓይነት የባክአፕ ዘዴ ነበራቸው። ሲፈተሹ አንዱም በወጉ አልሠራም። የስድስት ሰዓት ዳታ ጠፋባቸው፤ የተረፉትም አንድ ባልደረባቸው በአጋጣሚ ቀድሞ ባነሳው ቅጂ ነው። እዚህ እኛ ጋ ደግሞ «ሐጂ፣ ባክአፑ የት ነው?» ስል «ልጄ ያውቀዋል» እባላለሁ። ልጁን ስጠይቀው ፍላሽ ያሳየኛል። ፍላሹን ስሰካው የሰርግ ፎቶ ነው።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ሐሳብ ላቅርብ፤ ለክፋት አይደለም። እርስዎም ከደንበኞችዎ አንዱን ያስፈቅዱ፣ እኔም አንዱን አስፈቅዳለሁ። ፒያሳ አንድ ካፌ እንቀመጥ። ሁለታችንም ባዶ ላፕቶፕ እንያዝ። ወደ ደንበኛው ቢሮ መግባት ክልክል ነው፤ ሰርቨሩ እንደተሰረቀ እንቁጠረው። የትናንቱን ሒሳብ ከፍቶ የተሰብሳቢ ዝርዝሩን ቀድሞ ያሳየ ያሸንፋል። ኔትወርክ ካልሠራ ደግሞ እርስዎ እንዳሉት ነው፤ እስኪመጣ እንጠብቃለን። ቡናውን ተሸናፊው ይከፍላል።